ከተራው ኪቦርድ ወደ ሜካኒካል፦ አዳማ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ ሰው

ሜካኒካል ኪቦርድ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ግራ መጋባት ነው። አንዱ ቀይ ግዛ ይለዋል፣ ሌላው ሰማያዊ። አንዱ «ስልሳ ፐርሰንት» ይላል፣ ሌላው «ቲኬኤል»። ሱቅ ሲገባ ደግሞ ሻጩ መብራቱን ያበራለትና «ይሄ የጌም ነው፣ አሪፍ ነው» ይለዋል። መብራቱ ያምራል። ስለ አጻጻፉ ግን ምንም አይነግረንም።

ይህን የጻፍኩት አዳማ ተቀምጠው በኪቦርድ እንጀራቸውን ለሚበሉ ሰዎች ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ክስ ለሚተይቡ፣ ለሒሳብ ሠራተኞች፣ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ማታ ማታ ቤታቸው ኮድ ለሚጽፉና ለሚተረጉሙ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተሰናዳ ነው። እኛ ግን አማርኛ እንጽፋለን፣ አፋን ኦሮሞ እንጽፋለን፣ የምንጽፈውም አቧራ መሀል ነው። ስለዚህ መስፈርታችን ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በተራው ኪቦርድ ቁልፎች ሥር አንድ ወጥ የላስቲክ ምንጣፍ አለ። ቁልፉን ስንጫን ላስቲኩ ይደፋና ከሥሩ ያሉትን ስስ ፕላስቲኮች ያነካካቸዋል። ፊደሉ የሚጻፈው ቁልፉ ታች ሲደርስ ነው። ሜካኒካሉ ላይ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው። የራሱ ሞላ፣ የራሱ የብረት መነካኪያ። በተለመደው ስዊች ቁልፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚጻፈው ግን 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም መንገዱ መሀል ላይ ነው። ይህን ልብ በሉት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስዊችን በቀለም፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ እያሉ መጥራት የተስፋፋው ቼሪ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ምክንያት ነው። ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለው ስዊች የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ጌትሮን፣ ካይልና ኦውቴሙን የመሰሉ የቻይና አምራቾች ተመሳሳዩን በርካሽ ማምረት ጀመሩ። ዛሬ ሜካኒካል ኪቦርድ ከተማሪ አቅም ብዙም ያልራቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለሙ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የአንዱ አምራች ቡናማ ከሌላው ቡናማ ሊከብድ ይችላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያታልላል

ሜካኒካል የገዛ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ላይ የሚለው ተመሳሳይ ነው። «ድምፁ በዛ»፣ «ስህተቴ ጨመረ»፣ «እጄን አመመኝ»። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሦስቱም በአብዛኛው ያልፋሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለዓመታት ተራ ኪቦርድ ላይ የሠራ ጣት ቁልፉን እስከ ታች መድፋት ለምዷል። እዚያ ካልደፋ አይጻፍለትም። አዲሱ ኪቦርድ ላይ ግን ፊደሉ መሀል መንገድ ላይ ተጽፎ አልቋል። ጣቱ ግን አያቆምም፣ ወርዶ ከታች ይጋጫል። የምንሰማው ጫጫታ አብዛኛው ይህ ግጭት ነው። ማታ ላይ የሚሰማን የጣት ድካምም ከዚሁ ይመጣል። ጣት ቀስ በቀስ ቀለል አድርጎ መምታት ሲለምድ ድምፁም ድካሙም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ቁመት ነው። ሜካኒካል ኪቦርድ ከተራው ከፍ ይላል። የለመድነው ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው የእጃችን አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል። ብዙ ሰው ደግሞ ከኋላ ያሉትን እግሮች ዘርግቶ ይባስ ያሳምመዋል። እግሮቹን እጠፏቸው። ወንበራችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ። የእጅ ማሳረፊያ ከሌላችሁ ተጣጥፎ የተቀመጠ ፎጣ ይበቃል።

ማታለሉ በሌላውም በኩል አለ። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲነካካ የሚያስደስት ኪቦርድና ቀኑን ሙሉ ሲጻፍበት የሚመች ኪቦርድ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሰማያዊው ሱቅ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል ልብ ይሰርቃል። ቡናማው እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ «ይሄ ምኑ ነው ሜካኒካል?» ያሰኛል። ከወር በኋላ ግን ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ኪቦርዱን ከመንካቱ በፊት መስፈርታችሁን ጨርሱ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መስፈርት አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው። ዶርም ውስጥ ነው የምትጽፉት? ልጅ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ? ባለጉዳይ ፊት ለፊት? ኪቦርዱ የእናንተ ቢሆንም ድምፁ የሁሉም ነው።

ሁለተኛው የምትጽፉት ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። አብዛኞቻችን አማርኛ የምንጽፈው የላቲን ቁልፎችን በድምፅ እያጣመርን ነው። ስለዚህ የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ፍለጋ መንከራተት የለባችሁም። ይልቅ የንክኪውን ብዛት አስቡ። «ጥያቄ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በተለመደው አጻጻፍ ሺፍት ይዘን ቲን እንመታለን። ከዚያ ዋይ፣ ኤ፣ ኪው። እንደገና ሺፍት ይዘን ኢ። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ሰባት ንክኪ ማለት ነው። ጠ፣ ጨ፣ ኘ፣ ጰ ሁሉም ሺፍት ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍትን የሚነካው ዓረፍተ ነገር ሲጀምርና ስም ሲጽፍ ነው። እኛ በየቃሉ እንነካዋለን፣ ያውም በደካማዋ ትንሿ ጣት። ከባድ ሞላ ያለው ስዊች ለአማርኛ ጸሐፊ እዚያች ጣት ላይ ይታወቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ። ሜካኒካል ስዊች ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲገባው አንዴ ተነክቶ ሁለቴ ይጽፋል። አማርኛ ላይ «ላ» ለመጻፍ ፈልጋችሁ «ላአ» ይመጣል። ያበሳጫል፣ ግን ወዲያው ይታያል። አፋን ኦሮሞ ላይ ግን አደጋው ይከፋል። በቁቤ የፊደል መደጋገም ትርጉም አለው፤ ተደጋግሞ የተጻፈ ፊደል ቃሉን ሌላ ቃል ሊያደርገው ይችላል። «badaa» (መጥፎ) የሚለው ቃል ላይ አንዲት ዲ ብትጨመር «baddaa» (ደጋ) ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስህተት ዓይን በቀላሉ አይዘውም። ክስ ወይም ውል ላይ ከገባ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፈጣን ድግግሞሽን የሚያስቀር «ፊልተር ኪስ» የሚባል ማስተካከያ አለ። ችግሩ፣ ሆን ብለን የምንደግመውንም ፊደል ይውጠዋል። ለቁቤ ጸሐፊ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው የታመመውን ስዊች መቀየር ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው መስፈርት ይወስደናል፤ አቧራና ጥገና። አዳማ ሞቃት ናት፣ መስኮት ይከፈታል። ነፋስም አለ። ከከተማዋ አጠገብ 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የጅቡቲው መስመር ከባድ መኪና ሲጨመርበት፣ በበጋ ማለዳ የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት ላይ በጣት ይጻፍበታል። ያው አቧራ ኪቦርዳችሁ ውስጥም ይገባል። አንድ ካፕ፣ ማለትም ፊደሉ የታተመበትን የቁልፉን ክዳን፣ ነቅላችሁ ብታዩ በስዊቾቹ መሀል እንደ ዱቄት የላመ ቡናማ አቧራ ተኝቶ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው «አቧራ ይገባዋል ወይ» አይደለም፣ መግባቱማ አይቀርም። ጥያቄው «ሲገባው በቀላሉ ይጸዳል ወይ፣ የተበላሸው ብቻ ይቀየራል ወይ» ነው።

አራተኛው መጠን፣ አምስተኛው ገንዘብ ነው። እነሱን በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

አንደኛ አማራጭ፦ ተራው ኪቦርድ ላይ መቆየት

ይህን ማንም እንደ አማራጭ አይቆጥረውም፣ ግን መቆጠር አለበት። በቀን ጥቂት ኢሜይልና አንድ ሁለት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሜካኒካል አያስፈልገውም። ተራው ኪቦርድ ዝም ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ከተበላሸ ፖስታ ቤት ወይም ፍራንኮ አካባቢ ወጣ ብሎ ሌላ መግዛት ይቻላል። ማኪያቶ ቢፈስበትም ልብ አይሰብርም።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። ላስቲኩ እየደከመ ሲሄድ ቁልፎቹ እኩል መሆናቸው ይቀራል። አንዱ ይጠነክራል፣ አንዱ ይልፈሰፈሳል። አምራቾች ለተራ ኪቦርድ ቁልፍ የሚሰጡት ግምት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ንክኪ ነው። ለሜካኒካል ስዊች ግን 50 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚተይብ ሰው፣ በተለይ ሺፍትና ስፔስ ላይ፣ ልዩነቱ በዓመታት ውስጥ ይታያል። አንድ ቁልፍ ሲሞት ደግሞ የሚጣለው ሙሉው ኪቦርድ ነው።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ሰማያዊ

ሰማያዊ ስዊች ሁለት ነገር ይሰጣል። ቁልፉ መሀል ላይ ሲደርስ ጣት ላይ እንቅፋት ይሰማል፣ አብሮትም «ቀጭ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ። ፊደሉ መጻፉን ጣትም ጆሮም ያረጋግጣሉ። ብቻቸውን የሚሠሩና ድምፁን የሚወዱ ሰዎች ከእሱ ሌላ አይነኩም። እውነት ለመናገር የሚያረካ ነው።

ሆኖም ከሌላ ሰው ጋር ለሚሠራ ሰው አልመክረውም። አንዲት ታይፒስት ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አዛውንት የማመልከቻቸውን ነገር ሲነግሯት፣ እሷ ስትጽፍ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሷ ትፈጥናለች፣ እሳቸው ይጮኻሉ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ምን አልሽኝ?» «ምንም አላልኩም አባባ፣ እየጻፍኩ ነው» ሆነ ነገሩ። በጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት ሰማያዊ ኪቦርድ ጎን ለጎን ሲሠራ ደግሞ ስልክ ማናገር አይቻልም።

ክብደቱም አለ። በቼሪ መለኪያ ሰማያዊው 60 ግራም ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ለአማርኛ ሺፍት ከባድ ነው። ርካሽ የሚባሉት ሜካኒካሎች ብዙዎቹ በሰማያዊ ስለሚመጡ «ሜካኒካል ማለት ይሄ ነው» ብለው የሚጠሉም አሉ። ሰማያዊውን የጠላ ሰው ሜካኒካልን በሙሉ እንዳይተው አደራ።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ቀይ

ቀዩ ልስልስ ነው። መሀል ላይ እንቅፋት የለውም፣ ቀጭ አይልም። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። 45 ግራም አካባቢ ስለሚበቃው ለትንሿ ጣት ምሕረት ነው። ጌም የሚጫወቱ የሚወዱትም በፍጥነት መልሶ መላልሶ ስለሚነካ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን ቀይ ከሁሉም በላይ ስህተት ያበዛል። ጣቱን ቁልፍ ላይ አሳርፎ የሚያስብ ሰው ሳያውቀው ይጽፋል። ዓረፍተ ነገር መሀል ያልጠራነው ፊደል ብቅ ይላል። እንደ ታይፒስት ሳያዩ ለሚጽፉና እጃቸው ለሰለጠነ ሰዎች ይህ በቶሎ ይስተካከላል። በሁለት ጣት እያዩ ለሚጽፉ ግን ይቆያል።

የቀይ ዘመድ የሆነ «ሳይለንት» የሚባል ዓይነትም አለ። ስዊቹ ውስጥ ትንሽ ላስቲክ ስላለው ግጭቱን ያፍነዋል። ዶርም ለሚኖር ተማሪ፣ ልጅ አስተኝታ ለምትሠራ እናት፣ ሌሊት ለሚተረጉም ሰው ከእሱ የተሻለ የለም። ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ካገኛችሁ አትለፉት።

አራተኛ አማራጭ፦ ቡናማ

ቡናማው መሀል ሰፋሪ ነው። ቀጭ አይልም፣ ነገር ግን መሀል ላይ ትንሽ እንቅፋት ጣት ላይ ይሰማል። በቼሪ መለኪያ 55 ግራም አካባቢ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያስደምም ነገር የለውም። አንዳንዱ «ቀይ ላይ አሸዋ የገባበት ይመስላል» ብሎ ያጣጥለዋል።

እኔ ግን ለአብዛኛው ጸሐፊ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ምክንያቴም ያ ትንሽ እንቅፋት ነው። ከተራው ኪቦርድ ለመጣ ጣት ምልክት ይሰጠዋል። «እዚህ ጋ ተጽፏል፣ ከዚህ በታች አትውረድ» ይለዋል። ጣቱ ቀለል አድርጎ መምታትን የሚማረው በዚያ ነው። ሳያስቡት የመጻፍ ስህተትም ከቀዩ ያነሰ ነው። ባለጉዳይን አያስጮህም። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ሚዛኑ የሚደፋው ወደዚህ ነው።

አምስተኛ አማራጭ፦ ዝቅ ያለው ሜካኒካል

ከላፕቶፕ ቁልፍ ጋር ለተላመደ ሰው ቁመቱ አጭር የሆነ ሜካኒካል አለ። ቁልፉ የሚወርደው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንጓ አያሳምምም፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለውጡም ቶሎ ይለመዳል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ መለዋወጫውም ከመደበኛው ጋር አይገጥምም። አንድ ስዊች ቢሞት እዚህ አገር ምትክ ማግኘት ከባድ ነው። የእጅ አንጓ ሕመም ላለበትና ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው ካልሆነ ቅድሚያ አልሰጠውም።

ከቀለሙ በላይ የሚያሳስበው፦ ሆትስዋፕ ነው ወይስ የተበየደ?

ሰው ስለ ቀለም ሲከራከር የሚረሳው ይህ ነው። የተበየደ ኪቦርድ ላይ ስዊቾቹ ቦርዱ ላይ በእርሳስ ተጣብቀዋል። አንዱ ሲታመም ብየዳ ያስፈልጋል። እርግጥ አዳማ ውስጥ ጎበዝ ሞባይል ጠጋኝ አይጠፋም፣ እሱ ነቅሎ መልሶ ሊበይደው ይችላል። ሆትስዋፕ ላይ ግን ስዊቹ በመንቀያ ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ ተገፍቶ ይገባል። በየቤቱ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ለአቧራማ ከተማ ይህ ወሳኝ ነው። ኤ የምትባለው ቁልፍ ሁለቴ መጻፍ ጀመረች እንበል። ብዙም የማትጠቀሙበትን ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ስክሮል ሎክ»ን፣ ስዊች ነቅላችሁ በኤ ቦታ ትሰካላችሁ። ሥራ አይቆምም። ሌላም ጥቅም አለው። መላው ኪቦርድ ቡናማ ሆኖ ሁለቱ ሺፍቶች ሥር ብቻ ቀይ ስዊች መሰካት ይቻላል። ለአማርኛ ጸሐፊ ትንሿን ጣት በዚህ ማሳረፍ ይቻላል። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ምቾት የሚገኝበት ነገር ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሆትስዋፕ ስትገዙ ባለ 3 እግርና ባለ 5 እግር ስዊች መኖሩን አትርሱ። ባለ 5 ተቀባዩ ቦርድ ሁለቱንም ይቀበላል። ባለ 3 ተቀባዩ ባለ 5 እግሩን የሚቀበለው ሁለቱ ትርፍ የፕላስቲክ እግሮች ተቆርጠው ነው።

መጠን፣ ገመድና ካፕ

ሙሉው ኪቦርድ 104 ቁልፍ አለው። የቁጥር ክፍሉ የተቆረጠለት፣ ቲኬኤል የሚሉት፣ 87። በጣም ትንሹ፣ ስልሳ ፐርሰንት የሚሉት፣ 61። የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ ሙሉውን ግዙ፣ አታመንቱ። የቁጥር ክፍል የሌለው ኪቦርድ ላይ ደመወዝ መሥራት ስቃይ ነው። ለሌላው ባለ 87ቱ ጥሩ ነው። ማውሱ ወደ መሀል ስለሚቀርብ ትከሻ ያርፋል። ባለ 61ዱ ያምራል፣ ጠረጴዛም ይተርፋል። ግን የቀስት ቁልፎችና የኤፍ ቁልፎች ስለሌሉት በሁለት ጣት ተጣምረው ነው የሚገኙት። ረጅም ሰነድ ለሚያርም ሰው አይሆንም።

ገመድ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። ቻርጅ አይጠይቅም፣ አይቆራረጥም። ብሉቱዝ ኪቦርድ ሲያርፍ ይተኛል፤ ሲነቃ የመጀመሪያዋን ፊደል ሊውጣት ይችላል። ገመድ አልባ ካስፈለገ በዶንግል (ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያ) የሚሠራውን ምረጡ። መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ስትሠሩ ደግሞ የኪቦርዱን መብራት አጥፉት፣ የሚበላው ከላፕቶፑ ነው።

ካፕ ሁለት ዓይነት ነው። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ቅባት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ፒቢቲ ሸካራነቱን ይዞ ይቆያል። ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው ስፔስ ላይ ነው።

በአንድ ዓይን ለማየት

| አማራጭ | ድምፅ | ጣት ላይ | ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ | ጥገና | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ | ዝቅተኛ | ልፍስፍስ፣ እስከ ታች | ለጥቂት ጽሑፍ ይበቃል | አይጠገንም፣ ይቀየራል | ርካሽ |
| ሰማያዊ | በጣም ከፍተኛ | እንቅፋትና ቀጭታ፣ 60 ግራም | ሺፍት ይከብዳል | ሆትስዋፕ ከሆነ ቀላል | ከሜካኒካሎቹ ዝቅተኛ |
| ቀይ | መካከለኛ | ልስልስ፣ 45 ግራም | ሺፍት ይቀልላል፣ ስህተት መጀመሪያ ይበዛል | ሆትስዋፕ ከሆነ ቀላል | መካከለኛ |
| ሳይለንት | ዝቅተኛ | ልስልስ፣ ታች ሲደርስ ለስለስ ይላል | ጥሩ | ምትክ ስዊች አይገኝም ማለት ይቻላል | ከፍ ያለ |
| ቡናማ | መካከለኛ | ትንሽ እንቅፋት፣ 55 ግራም | ከሁሉም የሚስማማ | ሆትስዋፕ ከሆነ ቀላል | መካከለኛ |
| ዝቅ ያለ | በስዊቹ ይወሰናል | አጭር፣ 3 ሚሊ ሜትር | ጥሩ፣ ቶሎ ይለመዳል | አስቸጋሪ | ከፍተኛ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

*ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ።* ቡናማ፣ ሆትስዋፕ፣ ባለ ገመድ፣ ፒቢቲ ካፕ። ቁጥር የሚበዛበት ሰነድ ካላችሁ ሙሉውን። ከተቻለ ሺፍቶቹ ሥር ቀይ። ጥቂት ትርፍ ስዊች አብራችሁ ግዙ።

*ዶርም ላላችሁ ተማሪዎች።* ሳይለንት ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ ቀይ። ባለ 87ቱ ይበቃል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ በቅናሽ ሰማያዊ ከመግዛት ጠንከር ያለ ተራ ኪቦርድ ይዞ መቆየት ይሻላል። አብሯችሁ የሚያድረው ልጅም ፈተና አለበት።

*ለሒሳብ ሠራተኞች።* ሙሉ መጠን፣ ቡናማ ወይም ቀይ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

*ብቻችሁን ለምትሠሩና ድምፅ ለምትወዱ።* ሰማያዊ። በሩን ዝጉ እንጂ ማን ይከለክላችኋል።

*የአንጓ ሕመም ላለባችሁ።* ዝቅ ያለውን ተመልከቱ። ኪቦርድ ግን ሐኪም አይተካም።

በገንዘብ በኩል፣ በውጭ ገበያ ተራ ኪቦርድ ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ጀማሪ ሜካኒካል ከ30 እስከ 50፣ ደህና ሆትስዋፕ ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ያወጣል። እዚህ ቀረጥና ትርፍ ይጨመርበታል፣ የብር ዋጋውም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሦስት አራት ሱቅ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ከጀማሪው ወደ ሆትስዋፑ ለመሻገር ትንሽ የሚጎድላችሁ ከሆነ ጥቂት ወር ታግሶ ማጠራቀም ያዋጣል። መብራትና ጌጥ ላይ ግን አንድ ብር አትጨምሩ።

ሱቅ ስትሄዱ

«ሜካኒካል ፊሊንግ» የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ካያችሁ ተጠንቀቁ። እሱ ሜካኒካል ሳይሆን ሜካኒካል የሚመስል ተራ ኪቦርድ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንድ ካፕ አስነቅሉ። ከሥሩ ለብቻው የቆመ አራት ማዕዘን ስዊች፣ መሀሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ካያችሁ እውነተኛው ነው። ተመሳስለው የሚሠሩም መስቀል ያለው ፕላስቲክ ስለሚያደርጉ ስዊቹ ለብቻው የተሰካ ሳጥን መሆኑን እዩ።

ላፕቶፕ ባትይዙ በስልካችሁ ፈትኑት። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ ማገናኛ (የኪቦርዱን ዩኤስቢ ከስልክ ጋር በሚያያይዝ) ኪቦርድ ይቀበላል። ማስታወሻ መጻፊያ ከፍታችሁ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ምቱ፤ ሁለቴ የሚጽፍ ካለ እዚያው ይታያል። ከዚያ ስፔስ፣ ሺፍት፣ ኢንተርና ባክስፔስ ላይ ጆሮ ጣሉ። እነዚህ ረጅም ቁልፎች ከሥራቸው ማመጣጠኛ ሽቦ አላቸው፣ ሽቦው ካልተስተካከለ ቃጭል ይመስል ያንሿሿል። ትንሽ ግሪስ ሊያስታግሰው ይችላል፣ ግን ከመጀመሪያው ያልተንሿሿውን መምረጥ ይሻላል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ኪቦርድ ከሆነ የፊደላቱን አቀማመጥ እዩ። የጀርመኖቹ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ የፈረንሳዮቹ ላይ ኤና ኪው። በድምፅ ለሚጽፍ አማርኛ ጸሐፊ ይህ በየቃሉ ያደናቅፋል።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ መርካቶ ወይም ቦሌ የምትገዙ ከሆነ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ። በፈጣን መንገዱ መሄዱ ቀላል ነው፣ ግን ለአንድ ቁልፍ ብሎ ደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪው ኪቦርዱን ሊያክል ነው። አዳማ ውስጥ በመጠኑ ተወድዶም ቢሆን የሚቀይርላችሁ ሱቅ ካገኛችሁ እዚያው ግዙ።

ቤት ከገባ በኋላ በየጊዜው ገልብጣችሁ አራግፉት፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ካፖቹን ነቅላችሁ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቧቸው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ ግን አትመልሷቸው። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ማታ ስትጨርሱ ጨርቅ አልብሱት። ስኳር ያለው ቡና ወይም ሻይ ከፈሰሰበት ወዲያው ንቀሉ፣ ገልብጡ፣ ሳይደርቅ መልሳችሁ አትሰኩ። ስኳሩ ስዊች ውስጥ ከደረቀ ቁልፉ ይጣበቃል፣ ሆትስዋፕ ከሆነ ያንኑ ስዊች ብቻ ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ።